ደርባቸው በስልሳ አንድ ወረቀት

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው መሞቱ የሚታወቀው «እርስዎ» ማለት ሲጀምር ነው።

ደርባቸው ይመር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የባጃጅ ጥገና ቤቱ፣ አንድ ባጃጅ ስር በጀርባው ተንጋሎ ሳለ ሞተ። የባጃጁ ባለቤት እየሠራ መስሎት አንድ ሰዓት ጠበቀው፤ ከዚያም ቶሎ እንዲጨርስ ጮኸበት። ረቡዕ ተቀበረ። ሐሙስ ጠዋት እድሩ በተከለው ድንኳን በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበል ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩ ተበጥሯል፤ ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። ሁለት እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ «እንኳን ደህና መጡ። ስለ ድካምዎ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ወደ ውስጥ ይግቡ» ይላል።

በድሬ ሰው ሰውን አንቱ አይልም። ተማሪ መምህሩን፣ ሙሽራ አማቷን፣ ተከሳሽ ዳኛውን «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ ይኖራል፤ ማንም አይቀየምም። ሟቹን በብርሃን ምስል መልሶ የሚያቆመው ማሽን ግን የተሠራው ድሬ አይደለም። ስለዚህ የከተማዋ ሙታን በሙሉ አንድ ዓይነት ጨዋ ናቸው። በእድሩ አዳራሽ የኋለኛው መደዳ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ ተቀምጠዋል። በዓመታዊው ጉባኤ ድምፅ አይሰጡም፤ ያጨበጭባሉ። ንግግር ሲረዝም በሕይወት ያለው እድርተኛ አንድ በአንድ ሹልክ ይላል፤ የኋለኛው መደዳ ግን እስከ መጨረሻው ያጨበጭባል።

የደርባቸው አንድ ልጁ ስምረት ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አንድ የቧንቧ ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ማሽኑ «ይህ ቧንቧ ያፈሳል። ትክክል ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» የሚለውን መጫን ነው። «አይደለም» የሚል ቁልፍም አለ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የነካችው አቧራውን ለመጥረግ ብቻ ነው። ሁሉ በሚጮህበት ከተማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለምትናገር የተወለደችበት ሰፈር ውስጥ ሳይቀር «ከየት ነው የመጣሽው?» ይሏታል።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ድንኳኑ ስትገባ አባቷ እጆቹን ዘረጋላት።

«እንኳን ደህና መጡ» አላት።

ስምረት ቆማ አየችው።

«እባክዎ ይግቡ» አለ ደርባቸው፤ «ከኋላዎ ሰው አለ።»

እናቷ ትብለጥ ግን ወደደችው። ለቀስተኛው ምሳ ሲበላ ልጇን ጥግ ወሰደቻትና ጆሮዋ ስር ጠጋ አለች።

«አየሽው? ፀጉሩን አበጥሮ! እኔን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እጅዎ ይባረክ› አይለኝም? ደርባቸው! ሰላሳ አራት ዓመት አብልቼው አንድ ቀን ‹ጥሩ ነው› ብሎኝ የማያውቅ ሰውዬ!»

«እማ፣ እሱ አይደለም እኮ።»

«አይደለማ። እሱ ቢሆን መች እንዲህ ይለኝ ነበር?»

ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ተነሳ። ምስሉ እስከ አርባው ቤተሰቡ ዘንድ ይቆያል። ትብለጥ በየጠዋቱ ከምግብ ጠረጴዛው ማዶ ታቆመዋለች፤ ምን እንደሠራች ትነግረዋለች፤ እሱ ያመሰግናታል። አንድ ቀን ሆን ብላ ሹሮውን አሳረረችና «እንዴት ነው?» አለችው። «እጅግ ድንቅ ነው» አላት። ትብለጥ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

በአርባኛው ቀን ድንኳኑ እንደገና ይተከላል። ያን ዕለት በር ላይ የቆመው ምስል ይጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ አይቀየርም፤ አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ሆኖ ይቀመጥና ያጨበጭባል። ስምረት አባቷ ሲያጨብጭብ አይታ አታውቅም። በምረቃዋ ቀን እንኳ፣ ወላጆች ሁሉ ቆመው ሲያጨበጭቡ፣ እሱ የአዳራሹን የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ይሄ ነገር ኩሽኔታው አልቋል» ነበር ያለው።

የእድሩ ዳኛ ባህሩ ነው። ጡረታ ሳይወጣ ባቡር ጣቢያ የጉዞ ሰዓት ያስነግር ነበር፤ አሁንም የሚናገረው ሁሉ ባቡር ሊነሳ ያለ ያስመስለዋል። ስምረት ቤቱ ድረስ ሄደች።

«ምስሉ ይቀየርልኝ» አለችው።

«ጮክ በይ!»

«ይቀየርልኝ።»

«ምን ሆነና? አምሮበት የለም እንዴ? እኔ ራሴ ስሞት እንደዚያ ካማርኩ ነገውኑ...»

«አባዬን አይመስልም።»

«አቦ! አባትሽን ቢመስል ማን ድንኳን ይገባ ነበር?» ባህሩ ሳቀ፤ የልጅቷን ፊት አይቶ ተወው። «ስሚ፣ ጥፋቱ የእሱ ነው። ያገኘው ካሜራ ላይ ሁሉ ጥቁር ፕላስተር ሲለጥፍ ነው የኖረው። ማሽኑ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው የመታወቂያ ፎቶውን ነው። ሌላው አርባ ደቂቃ ድምፅ ነው፤ እሱም ሰው ስልክ ሲያወራ ከኋላ የገባ፤ እሱም ብሎን ሲሰድብ። የጎደለውን በሌላ ሰው ሁሉ አማካይ ሞላው፤ ምን ያድርግ?»

«አንቀጽ አሥራ አራት አለ» አለች ስምረት።

ባህሩ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ደንቡን አነበብሽው?»

«አዎ።»

«ሙሉውን?»

እሱ አላነበበውም ነበር። አብረው ፈለጉት። አንቀጹ በ2016 የተጻፈ ነው፤ ስልሳ ዓመቱ። በዚያ ጊዜ ሰው የሟችን ፎቶ ድንኳን ውስጥ ይሰቅል ነበር። አንድ ቤተሰብ ከፎቶ ቤት የሌላ ሰው ፎቶ በስህተት ተቀብሎ ይሰቅላል፤ ሰፈሩ ሁለት ቀን ሙሉ ያለቅሳል፤ በሦስተኛው ቀን ባለፎቶው ራሱ ሊያስተዛዝን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነው አንቀጽ አሥራ አራት የገባው፦ ቤተሰብ በእጁ ያዘጋጀውን የሟች ምስል ማቅረብ ይችላል፤ ከለቀስተኛው መካከል ሦስት ሰዎች ሳይጠየቁ እሱ መሆኑን በቃላቸው ከመሰከሩ ይጸድቃል። የሰረዘው ሰው የለም። የተጠቀመበትም የለም።

«ሀዬ፣ ይሁን» አለ ባህሩ እያቅማማ። «ግን ይንቀሳቀስ። የቆመ ፎቶ በር ላይ ካደረግን ሰው የሞተ ይመስለዋል።»

ሰላሳ አምስት ቀን ቀርቷት ነበር። ስምረት መሳል በመጠኑ ትችላለች። የሚንቀሳቀስ ነገር ስላ ግን አታውቅም፤ ስሎ የሚያውቅ ሰውም አታውቅም። ማሽኑን «በእጅ የሚሳል አኒሜሽን እንዴት ይሠራል?» ብላ ጠየቀችው። «እኔ ልሥራልዎ?» አላት። ጥያቄዋን አሥራ አንድ ጊዜ ብትቀያይረው አሥራ አንድ ጊዜ ሊሠራላት ፈለገ። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ የድሮ በእጅ የተሳሉ ካርቱኖችን ከፍታ እያቆመች ማየት ጀመረች። በነፃ የሚታዩ ብዙ ሺህ አሉ። ማን እንደሚያያቸው አይታወቅም።

የሥራ ቦታዋ የአባቷ ጥገና ቤት ሆነ። የተነቀለ የባጃጅ የፊት መስታወት ሁለት ጎማ ላይ አጋደመች፤ ከስሩ መብራት አደረገች። ወረቀት ቸገራት፤ በመጨረሻ የሳምቡሳ መጠቅለያውን አገኘች። ስስ ነው፤ ዘይት ሲነካው ደግሞ ያሳያል፤ ከስር ያለውን ሥዕል አይቶ ከላይ ቀጣዩን ለመሳል ይመቻል። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ በሁለት ብሎን ትወጥራቸዋለች። በቀን ሁለት ሳምቡሳ እየበላች አሥራ ሁለት ቀን ሠራች።

የሠራችው ደርባቸው ተንሳፈፈ። ሲራመድ እግሩ መሬት አይነካም፤ እጁን ሲያነሳ መቼ እንደጀመረ መቼ እንደጨረሰ አይታወቅም። አንዱ ሥዕል ሌላው ውስጥ እየቀለጠ ይገባል። ከካርቱኖቹ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረችው፤ ልክ ነው። እንደ እነሱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ትብለጥ ምሳ ልታደርስላት መጥታ አየችው።

«ሰክሮ ነው?» አለች።

«አይ።»

«ባሕር ውስጥ ነው?»

ስምረት ወረቀቶቹን ሰበሰበች። ትብለጥ የምሳ ዕቃውን አስቀመጠችና በሩ ላይ ዞር ብላ፣ ሳቋን ትታ ተናገረች።

«ያኛው ምን አደረገሽ? ሰው ፊት ቆሞ የሚያኮራ ባል በስንት ዘመኔ ባገኝ... ይሄንን በር ላይ ካቆምሽው እኔ በዚያ በር አልገባም። እወቂው።»

በማግስቱ ስምረት አሮጌው ሰፈር መጋላ ወርዳ ጣሂር ዘንድ ሄደች። ጣሂር ሰማንያ ዓመቱ ነው። አባቱ ፊልም የሚያከራይ ሱቅ ነበረው፤ ሱቁ ቀርቶ ዲስኮቹ ቀሩ። ከፊሉን ሰው ወፍ ለማባረር ማሽላ ላይ ሰቅሎበታል። የቀሩትን ጣሂር በጆንያ ይዟል፤ የሚያጫውት ዕቃም አለው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ ይገጥመዋል። ስምረት የሠራችውን አሳየችው። አየት አደረገና ሳቁን ለቀቀው።

«አቦ አንቺ! ይሄ አባትሽ ነው ወይስ ጭስ?»

«ከካርቱኖቹ ነው የተማርኩት።»

«ከየትኞቹ? ከእነዚያ ከሚታዩት? ወላሂ አንቺ የተማርሽው ከሥዕሉ አይደለም፤ ከጥገናው ነው። እነዚያን ሁሉ እኮ ማሽኑ አድሷቸዋል። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ ያልሳለውን ሁሉ መሃል መሃሉን እየገባ ስሎለታል።» ጆንያውን ጎተተው። «ነይ፣ ስንፍናውን ላሳይሽ።»

ያወጣው ዲስክ የአራት ደቂቃ የጤና ትምህርት ነበር። ድሮ በቴሌቪዥን በማስታወቂያዎች መሃል የሚተላለፍ ዓይነት። እጁን የማይታጠብ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበርና የምታሳድደው ዝንብ ናቸው ባለ ታሪኮቹ። መጨረሻው ላይ ሦስት ስም ይወጣል፤ ሁለቱ በጭረት ጠፍተዋል። ይኸው ካርቱን ከሚታዩት መካከልም አለ፤ ስምረት ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ያየችው ግን ይህ አይደለም።

ጣሂር አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ምስሉ አንድ እርምጃ ይሄዳል። አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ከዚያ ይቀየራል። ሠዓሊው ግማሹን ሥራ ቀንሷል፤ ዓይን ግን አይቀየመውም። ሊቀመንበሩ ከወንበር ሊነሳ ሲል መጀመሪያ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ስምረት ይህን ስታይ ራሷ ከበርጩማዋ ብድግ አለችና እንደገና ተቀመጠች። ልክ ነው፤ ሰው ከመነሳቱ በፊት ዝቅ ይላል። ዝንቧ ግድግዳ ላይ ስትጋጭ እንደ ሳንቲም ትለጠጣለች፤ ከጠበበችበት ያህል በሌላ በኩል ትሰፋለች፤ ሳትቀንስ ሳትጨምር። ሊቀመንበሩ ሲዞር ሰውነቱ ደርሶ ከቆመ በኋላ የኮቱ ጫፍ ይደርሳል።

«አሁን ይሄንን እይ» አለ ጣሂር።

ሊቀመንበሩ ዝንቧን በጋዜጣ ይመታል። አንዲት ሥዕል ላይ ስድስት እጅ አለው።

«ስህተት ነው?»

«ምን ስህተት! ፍጥነት ነዋ። አንዷን ሥዕል ማንም አያያትም፤ ግን ካወጣሻት ምቱ ኃይል ያጣል። ማሽኑ ስድስት እጅ ያለው ሰው የለም ብሎ አምስቱን ቆርጦ ጣላቸው። ልክ ነው፤ የለም። አሁን ይመታል ወይስ ይዳብሳል?»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ሰው ሲያዳምጥ ለአራት ሰከንድ ምንም አይንቀሳቀስም። አንዲት ሥዕል ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ይጨፍናል። የተጠገነው ላይ በዚያ ቦታ ትከሻው ይወዛወዛል፤ ደረቱ ይተነፍሳል፤ ቅንድቡ ይሠራል፤ የሚያዳምጥ ግን አይመስልም። ዲስኩ ላይ የሊቀመንበሩ ሸሚዝ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ተቀይሮ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። «ቀለም አልቆባቸው ነው» አለ ጣሂር። የሊቀመንበሩ እርምጃ ላይ ስንከላ ነበረበት፤ ስምረት በጥንቃቄ ገለበጠችው፤ አባቷም ግራ እግሩን ይጎትት ስለነበር ደስ ብሏት ነበር።

«እሱን ተዪው» አለ ጣሂር፤ «አንዷን ወረቀት ጥለዋት ነው።»

ዲስኩን ማየት በጀመረች በአራተኛው ቀን ነው የደረሰችበት። ሊቀመንበሩ ከጓሮ ይመጣል፤ እጁ ጭቃ ነው፤ አንድ እንግዳ ሰላም ሊለው እጁን ይዘረጋል። ሊቀመንበሩ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ የእጁን አንጓ ይሰጠዋል። እንግዳው አንጓውን ይጨብጣል። ያልፋል። ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

ስምረት ቁልፉን ከጣሂር ወሰደችና መለሰችው። አሁንም መለሰችው።

«ጣት መሳል ሰልችቷቸው ነው» አለ ጣሂር። «አየሽ፣ ሙሉውን ፊልም ብትፈልጊ አምስት ጣት በደንብ የተሳለበት ቦታ የለም። ወይ ኪስ ነው፣ ወይ ከጀርባ ነው፣ ወይ ጋዜጣ ነው። ጣት አይሳልም አቦ፤ ጣት ያሳብዳል።»

የተጠገነውን ከፈተች። በዚያው ቦታ ሊቀመንበሩ ሰፊ፣ ንጹሕ መዳፍ ዘርግቶ ይጨባበጣል። ማሽኑ የታጠፈውን እጅ ያልተጨረሰ ሥዕል መስሎት ጨርሶለታል። ጭቃውንም አጥቦለታል። ስለዚህ የጤና ትምህርቱ ስለ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ያለ ምክንያት ዝንብ ታሳድደዋለች።

ደርባቸው እጅ ሰጥቶ አያውቅም። አርባ ዓመት በግሪስ የኖረ ሰው ነው። ቄስ ይምጣ፣ አዋላጅ ነርስ ትምጣ፣ የልጁ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ይምጣ፣ ፊቱን ወደ ሥራው እንዳዞረ አንጓውን ከጎኑ አውጥቶ ይሰጣል። ታጥቦ በወጣበት ቀንም አንጓውን ነው የሚሰጠው። ስምረት ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የአባቷ እጅ ያ ነው፤ ጠንካራ፣ ሞቃት፣ ፀጉራም አጥንት። መዳፉ ምን እንደሚመስል ለማስታወስ ሞከረችና አቃታት።

ጣሂር ዲስኩን አወጣ። «ውሰጂው» አለ። «ብትሰብሪው ግን ማሽላ ላይ የምሰቅለው አንቺን ነው።»

የቀረው ሥራ ወረቀት ነበር። ሰከንዱ አሥራ ሁለት ሥዕል ይፈልጋል፤ ልትሠራው ያሰበችው አሥራ ሁለት ሰከንድ መቶ አርባ አራት። ስምረት እንደ ካርቱኑ ሦስት ሠዓሊዎች ሰነፈች። ደርባቸው ወደ መንገዱ ፊቱን አዙሮ ቆሟል፤ አንዲት ሥዕል። ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሦስት። ሰው መምጣቱን ይሰማል፤ ትከሻው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይላል፤ ክንዱ ይወጣል፤ አንዲት ሥዕል ላይ ሁለት ክርን አለው። አንጓው ይቀርባል፤ ይቆያል። ከዚያ ይመለሳል፤ የቱታው እጅጌ ዘግይቶ ይደርሳል። ፊቱ ወደ እንግዳው የሚዞረው በጠቅላላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹን። ሁሉም ስልሳ አንድ ወረቀት ሆነ። መስመሩ በየወረቀቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ አንድን መስመር ስልሳ አንድ ጊዜ እኩል መሳል ስላልቻለች። ልታስተካክለው ነበር፤ ተወችው።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ባህሩ የድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ የእድሩ ማሳያ በሩ መሃል ያቆመውን የተሳለ ደርባቸው ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«አይናገርም?»

«አይናገርም።»

«ለቀስተኛውን አያመሰግንም?»

«መች አመስግኖ ያውቃል?»

«ፊቱን እንኳ ለምን አያዞርም? ሰው ሊያስተዛዝን መጥቶ!»

«ሥራ ላይ ነው» አለች ስምረት።

ባህሩ ወንበር አስመጥቶ ቃለ ጉባኤውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ድንኳኑ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። እስከዚያ ሦስት ሰው ካልመሰከረ ያኛው ይቆማል፤ ያኛው በባህሩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ውስጥ ተዘጋጅቶ ሸሚዙን እያስተካከለ ይጠብቃል። ትብለጥ እንዳለችው አደረገች፤ ከጓሮ ማብሰያው ቦታ አልወጣችም። ምግቡ በድንኳኑ የኋላ መግቢያ ነበር የሚገባው።

መጀመሪያ የመጣው ከዚራ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር ነበር። አንጓው ሲዘረጋለት ሳያስበው እጁን ሰደደ፤ ባዶ አየር ጨበጠ።

«አቦ ደርቤ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ሰውዬ ሞቶም እጁን አይታጠብም!»

«አንድ» አለ ባህሩና ጻፈ።

ሁለተኛዋ የሳምቡሳ ሻጯ ናት። ወገቧን ይዛ ዙሪያውን ቃኘችው። «እሱ ነው። ሆዱን ግን ቀንሰሽለታል፤ የእኔ ሳምቡሳ የት ሄደ?»

«ሁለት።»

ይህ ሁሉ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መጣ፤ የመሰከረ ግን አልነበረም። እድርተኛ የሟች ምስል ውስጥ ሰንጥቆ ማለፍ ለምዷል። አብዛኛው ቆም ይላል፣ እጁን ወደ አንጓው ይሰዳል፣ ዝም ብሎ በደርባቸው ደረት ውስጥ አልፎ ይገባል። አንዲት ሴት አለቀሰች። ባህሩ ብዕሩን አነሳና መልሶ አወረደው፤ ማልቀስ ቃል አይደለም። አንድ ሽማግሌ «ወንድሙ ነው?» አለ። ሌላው «ማን ሳለው? መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ በሽታ ያለበት ይመስላል» አለ። ስምረት ከድንኳኑ ምሰሶ ጎን ቆማለች። «እሱ ነው በሉ» ማለት አትችልም፤ ደንቡ ሳይጠየቁ ይላል። ብትችልም ድምፅዋ እዚያ ድረስ አይሰማም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ።

«ባህሩ፣ አንተ እኮ ታውቀዋለህ» አለችው በመጨረሻ።

«ዳኛ አይመሰክርም።» ባህሩ ወደ ሥዕሉ ሳያይ ነው የመለሰላት። የራሱን አንጓ በሌላኛው እጁ ይዞ ነበር። «እኔ ልጻፍ ብል ነገ እድሩ በሙሉ ያፈርሰዋል። አርፈሽ ቁሚ።»

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ወጣቶቹ ወንበር ማጣጠፍ ጀመሩና የኋላው መግቢያ ላይ ከመሩት። ለመጨረሻዎቹ እንግዶች የሚሆን ምግብ ገና አልገባም። ትብለጥ ትልቅ ትሪ በሁለት እጇ ተሸክማ፣ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ወጥ ደርድራበት፣ ከጓሮ ስትመጣ መንገድ የለም። ተሳደበች። የሰማት የለም። ዞራ በፊት ለፊት መጣች።

ትሪውን እያየች ስለነበር ሥዕሉን ያየችው አጠገቡ ከደረሰች በኋላ ነው። ደርባቸው በሩ መሃል ላይ ተገትሯል። ፊቱ ወደ መንገድ ነው። ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። ሰው መምጣቱን ሰማ፤ አንጓውን አወጣ።

«ዞር በል እስቲ!» አለች ትብለጥ። «ሰው ትኩስ ነገር ተሸክሞ እያየህ! ሁልጊዜ በር ላይ!»

እሱ ዞር አላለም። ትብለጥ በቁጣ ተነፈሰች፤ ትሪውን ወደ ቀኝ አዘነበለች፤ ጎኗን ምሰሶው ላይ እያሻሸች፣ ወጥ እያፈሰሰች፣ በዙሪያው ዞራ ገባች።

ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ማጣጠፉ ቆመ። ትብለጥ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ቀና ስትል ሰው ሁሉ እያያት ነው።

«ምን ሆናችሁ?»

ባህሩ ከወንበሩ ተነስቷል። «ትብለጥ፣ ማንን ነው ዞር በል ያልሽው?»

«ማንን እላለሁ? እሱን ነዋ!» ብላ ወደ በሩ ጠቆመች። ጠቁማ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

የባጃጁ ሹፌር ከጥግ «ሦስት!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ባህሩ። «ደንቡ ‹ሳይጠየቅ› ይላል። እኔ ጠይቄያት ነው ‹እሱን› ያለችው።»

ጫጫታ ሆነ። ሳምቡሳ ሻጯ ባህሩን ባቡር ያመለጠው ብላ ሰደበችው። አንዱ ደንቡ ይነበብ አለ፤ ሌላው ደንቡን ማን አይቶት ያውቃል አለ። ትብለጥ ሁሉንም ዝም አሰኘች።

«ባህሩ፣ ‹ዞር በል› ያልኩት ማን ጠይቆኝ ነው?»

ባህሩ አሰበበት። ብዙ አሰበበት። ከዚያ ተቀመጠና እየጻፈ፣ ጣቢያ እንዳለ ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሦስተኛ መስካሪ፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ትብለጥ። የምስክርነት ቃል፣ ‹ዞር በል›። ጸድቋል።»

ስምረት ምሰሶውን ይዛ እናቷን አየች። ትብለጥ ግን ልጇን አላየቻትም፤ በሻሿ ጫፍ ትሪው ላይ የፈሰሰውን ወጥ ትጠርግ ነበር፤ ከጠረገችም በኋላ መጥረጓን አላቆመችም።

«ያኛው እንግዲህ ይጠፋል» አለ ባህሩ፤ ሰሌዳውን አንስቶ። «ተቃውሞ አለ?»

«አታጥፉት» አለች ትብለጥ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ላኩላት። ዕድሜዋን ሙሉ ‹ወንድሜ ጨዋ ነው› ስትል ነው የኖረችው። ትውሰደው። ሹሮ ታብላው።»

ከዚያ በኋላ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ አርባ ያህል ሰው ወጣ፣ ገባ። «በዙሪያው እለፉ» ያላቸው ማንም የለም። ድንኳኑ ከተነሳና ማሳያው ከጠፋ በኋላ ወጣቶቹ ምሰሶዎቹን ሲነቅሉ፣ በሩ በነበረበት ቦታ አሸዋው ላይ የእግር ዱካው አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ አንዲት ባዶ ቦታን ዞሮ፣ እንደገና ቀጥ ይል ነበር። ባህሩ ጥቂት ጊዜ ቆሞ አየውና ቃለ ጉባኤውን ዘጋ። በምን አንቀጽ እንደሚያስገባው አላወቀም።